አይጧ የተጻፈችበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ምንም ባልበደለኝ ወጣት ሐኪም ላይ ጮህኩ። የትንሹ ልጄ የኑርዬ ደም ከወራት በፊት ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ውጤቱ መጣ ተብለን ከባቲ በማለዳው መኪና ወጣን። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ የሐረጎን ዳገት ጉም ሸፍኖት ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። ኮምቦልቻ ላይ የገዛሁለትን የተጠበሰ በቆሎ ኑርዬ አንድ አንድ እየፈለፈለ ይበላል።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። እኔ የማነበው ይመስል።

«እናቴ፣ አንድ ለውጥ ተገኝቷል» አለ። «ግን ትርጉሙ አይታወቅም ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ለውጥ ያለው ሰው እስካሁን ተጽፎ አያውቅም።»

ይህን ሲል ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

«ተናግሬያለሁ እኮ!» አልኩ። «ወጣት ሳለሁ፣ ሪያድ ላይ፣ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናግሬያለሁ! እስካሁን አልጻፉትም?»

ሐኪሙ አበደች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ኑርዬ ሻሼን ጎትቶ «እማ፣ አትጩሂ፣ ሰው ያየናል» አለኝ። ሰው ቢያየኝ ደስ ባለኝ። ነገሩ ሁሉ የሚያየን ሰው ማጣታችን አይደል?

ያ «አይታወቅም» የሚሉት ቃል ለእኔ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ የሰማሁት በዐረብኛ ነው፣ እጄ ላይ የሻይ ትሪ ይዤ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን አብዱን ጡት ያስጣልኩት በሄድኩበት ወር ነው። ለእናቴ ትቼው ሄድኩ። ለምን ሄድሽ የሚለኝ ካለ፣ እኔ ከነበርኩበት ቀበሌ ያልሄደችውን ቢጠይቅ ይሻላል፤ እሷ ናት ምክንያት የሚያስፈልጋት።

የደረሰኝ ቤት ከሪያድ በስተሰሜን ነው። ሰፊ ግቢ፣ በር ላይ አቧራ የለበሰ ቴምር፣ ሁለት ወንዶች ልጆች። ባልየውን እንደ ሁሉም ሠራተኛ «ባባ» እለዋለሁ። ሚስቱን ግን መዳም ስላት አትወድም፤ ሐኪም ስለሆነች «ዶክቶራ» ነው የምትባለው። ክፉ አልነበረችም። ይህን የምለው ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ንዴቴ ድሮ በወጣልኝ ነበር ብዬ ነው። ክፉ ሰው ይረሳል። የሚያንገበግበው ደጉ ሰው ያደረገህ ነው።

ሦስተኛ ልጅ አርግዛ ብዙ አትንቀሳቀሺ ስለተባለች ሥራዋን ቤት አመጣችው። የምግብ ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ወረቀት ሆነ። ልጆቹ ከብሳ የሚሉትን ሩዛቸውን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ እሷ ወረቀቷን ታነባለች፣ በቢጫ ቀለም ታሰምራለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ትጽፋለች፣ ደግሞ ታነባለች። እኔ ናዕና የሚሉት ቅጠል የገባበት ሻይ እያመላለስኩ አያታለሁ። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«ዶክቶራ፣ ሐኪም ነሽ፤ ትምህርት ጨርሰሻል። ምን የማያልቅ ፈተና ነው የያዘሽ?»

ሳቀች። ዐረብኛዬ ያን ጊዜም ስብርብር ነው፤ እሷ ግን እንደ ልጅ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰው ገላ ውስጥ ከእናትና ከአባት የሚወረስ፣ ዘረ መል የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የየራሱ ሥራ አለው። አንዱ ደም ይሠራል፣ አንዱ አጥንት ያጸናል፣ አንዱ ጡንቻ ያጠነክራል። በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ይህን ይሠራል፣ ይሄኛው ሲበላሽ ይህ በሽታ ይመጣል እያሉ ይጽፋሉ። የጻፉትን ሁሉ ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። የእሷ ሥራ ማንበብና ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት መስመር ማውጣት ነው፦ የዚህ ሥራው ይህ ነው፤ ያየው እገሌ ነው፤ ያየውም በሰው ላይ ነው ወይም በእንስሳ ላይ ነው ወይም ሌላውን ስለሚመስል በግምት ነው። መስመሯ ዓለም ሁሉ የሚያየው አንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ትገባለች። በሽተኛ የያዘ ሐኪም፣ ጃፓንም ይሁን ሱዳን፣ ከፍቶ ያያታል።

«ምስክር ከሌለስ?» አልኳት።

«ምስክር ከሌለ አንጽፍም።»

ወደድኩላት። አባቴ በቀዬአችን ነገር የሚያይ ሽማግሌ ነበር። «ያየህ ተናገር፤ የሰማህ ዝም ብለህ ተቀመጥ» እያለ ነበር ዳኝነት የሚጀምረው። ይህች የሪያድ ሴት በወረቀት ያንኑ ታደርጋለች ብዬ ከልቤ አከበርኳት። ሻይዋን እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተካክዬ ነበር የማፈላው።

ብቻዋንም አትወስንም። ኢማን የምትባል ግብጻዊት ጓደኛ አለቻት፤ ካይሮ ሆና በኮምፒውተር መስኮት ነው የምትመጣው። ሁለቱ አንዱን ወረቀት ለየብቻ ያነቡና ያወጡትን ያስተያያሉ። ካልተስማሙ አይጻፍም። ያ አላህ፣ ጭቅጭቃቸው! ስለ አንዲት ቃል፣ ድንበር እንደገፋ ጎረቤት ነው የሚነታረኩት። «ወላህ፣ አንቺ እንደ አማትሽ ነሽ!» ትላታለች ኢማን። ዶክቶራ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከዚያ እንደገና ይገጥማሉ።

አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አቧራ ተነሳ። የሪያድን አቧራ ያላየ ሰው ሊገባው አይችልም፤ ሰማዩ እንደ በርበሬ ይቀላና ቀትሩ ይጨልማል፣ በተዘጋ መስኮት ገብቶ ጥርስ መሃል ይንቀጫቀጫል። ፎጣ እያራስኩ መስኮቶቹ ስር እወትፋለሁ። በጠረጴዛው ሳልፍ ዶክቶራ ኮምፒውተሩ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታያለች። ነጭ ወለል ላይ አንዲት አይጥ። ልትሄድ ትፈልጋለች፤ የኋላ እግሮቿ እምቢ አሏት። ትጎትታቸዋለች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ያለችውን ትንሽ ደፍ ለመውጣት በፊት እጆቿ ተደግፋ ገላዋን ወደ ላይ ገፋች።

እጄ ላይ ያለው ፎጣ ምንጣፉ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ።

«ሰይድ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው። በልጅነቱ በሜዳ ላይ፣ ምንም ሳያደናቅፈው ይወድቅ ነበር። ሲነሳ እንደ ሰው አይነሳም። መጀመሪያ እጁን ቅልጥሙ ላይ ያኖራል፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ፤ በራሱ ገላ ላይ መሰላል እንደሚወጣ ሰው። ልጆች ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ ሰይድ ሳቂታ ነበር። እያደር መነሳቱም ቀረ። እናቴ አዝላ ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ታዞረዋለች። በሱ ዕድሜ ያሉት ጢም ሲያበቅሉ እሱ ሞተ። ታናሻችን ይማም ደግሞ እንደዚያው ሆነ፤ እንደዚያው ወደቀ፣ እንደዚያው ተነሳ፣ እንደዚያው ሄደ። እኛን ሴቶቹን ምንም አልነካን። የእናቴም ወንድም በልጅነቱ እንደዚያ ሆኖ እንደሞተ አያቴ ታወራ ነበር። ሰፈሩ ፍርዱን ሰጠ፦ «የሷ ማህፀን ወንድ አያሳድግም።» እናቴ ይህን ሰምታ ነው ያረጀችው። እኔ ይህን ሰምቼ ነው ወንድ ልጅ የወለድኩት።

ዶክቶራ ወንበር ሳበችልኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እየቆመች፣ እየተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ እያደረገች «እንዲህ? እንዲህ ነበር የሚነሳው?» ትለኛለች። ዓይኖቿ አበሩ። ኢማንን ጠራቻትና በፍጥነት ተነጋገሩ። አይጧ ላይ የተበላሸው ዘረ መል ገና ብዙ ያልታወቀ፣ ስለሱ የተጻፈውም ጥቂት ነው፤ የአይጧ ወረቀት ከነዚያ አንዱ ነው። እኔ የተናገርኩት የሚገጥም ይመስላል።

ኢማን በመስኮቷ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እሺ ያ ሐቢብቲ፣ ወንድሞችሽን የትኛው ሐኪም አያቸው?»

«ሐኪም የለም። ሼህ ነው ያየልን።»

«ማሻአላህ! ሼኹ የትኛው መጽሔት ላይ ጻፉት?»

ሳቀች። ዶክቶራ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የቤቱ ባለቤት ሲስቅ ሠራተኛ እንደሚስቀው። ያቺን ሳቄን ዛሬ ባገኛት አንቃት ነበር።

ሴት ራሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ ልታወርሰው ትችላለች፤ ደምሽን ላስመርምረው፣ የማውቃት ልጅ ላብራቶሪ ውስጥ አለች አለችኝ ዶክቶራ። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «ከሰጠሁሽ ስለ ልጄ ትነግሪኛለሽ? አብዱ እንደነሱ ይሁን አይሁን?»

«ኢንሻአላህ» አለች።

ደሜን ሰጠሁ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሹፌሩ ባጥሐ ገበያ ያወርደኛል፤ እዚያ ከሰዓዳ ጋር እንገናኛለን። ሰዓዳ የአገሬ ልጅ ናት፤ ከነበረችበት ቤት ወጥታ መንሱራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደብቃ ትኖር ነበር። የስልክ ካርድ እየገዛን፣ ከአንድ የየመን ሰው ትኩስ ሳምቡሳ እየበላን፣ ነገሩን ነገርኳት።

«ደምሽን?» አለች ሳምቡሳው አፏ ውስጥ እያለ። «አንቺ እብድ! በሽታ ሊያገኙብሽና ተርሂል፣ የተባራሪ እስር ቤት ሊከቱሽ ነው። በመጀመሪያው አውሮፕላን ነው የሚጠርዙሽ።»

«ስመጣስ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማው ደሜን ወስደውት የለ? ምን የቀረ ደም አለኝ ብለሽ ነው እህቴ?»

«ያኛው የመንግሥት ነው። ይሄ የመዳምሽ ነው። መዳም ያወቀችውን ባሏ ያውቃል፣ ባሏ ያወቀውን መክተቡ ያውቃል። ቆይ ብቻ።»

መክተብ የምትለው እኛን የሚያመጣውን የሠራተኛ ኤጀንሲ ነው። አልሰማኋትም። ስልኩን ደወልኩና እናቴን፣ «እማ፣ አብዱን መሬት ላይ አስቀምጪው» አልኳት።

«ምነው መዲንዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«በአላህ አስቀምጪው። አሁን ጥሪው፣ ይነሳ። እጁን የት ነው የሚያኖረው?»

ስልኩ ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። ምን እንደጠየቅኋት ገብቷታል። ከእሷ በላይ ያን ያየ ማን አለ?

«መሬቱን ተደግፎ ተነሳ» አለች።

«ጉልበቱንስ?»

«ጉልበቱን አልነካም። ልጄ፣ ገና ሕፃን ነው፤ ሰይድም በዚህ ዕድሜው ደህና ነበር።»

በዙሪያዬ የባጥሐ ሰው ይጋፋል፤ የአውቶቡስ ረዳት «ያላ! ያላ!» ይላል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ በረሃ ላይ ብቻዬን የቆምኩ ያህል ነበር። በየሳምንቱ እናቴ ልጄን ታስቀምጠዋለች፣ ታስነሳዋለች፤ እኔ በስልክ አዳምጣለሁ። እንዲህ ነበር የማሳድገው።

ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ወቅት ውጤቱ መጣ። ትሪውን ሳስቀምጥ «መዲና፣ ነይ» አለች ዶክቶራ።

«እዚያው ዘረ መል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች።»

«መጥፎ ናት ወይስ ደህና?»

«አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም? እኔ አውቃለሁ! ሰይድን ገድላለች። ይማምን ገድላለች።»

«እነሱ ላይ መኖሯን ማን አየ? ደማቸው አልተመረመረም። ሐኪም አላያቸውም። በዓለም ላይ ይህቺን ፊደል ማንም አልጻፋትም። ከእናንተ አገር ሰው የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አይታወቅም እንላለን።»

«በይ አንቺ ጻፊያ! እኔ ነገርኩሽ፣ ደሜንም አየሽ።»

«እኔ የታተመውን ነው የማነበው እንጂ አዲስ ነገር አልጽፍም። ያልታተመ ነገር ለእኛ የለም።»

«የለም?»

«ለሥራችን ማለቴ ነው መዲና። የለም።»

ወንድሞቼ የሞቱ ጊዜ እንኳ ማንም «የሉም» አላለንም። ነፍሳቸው ጀነት ይግባ ነው ያለን። «የሉም» የሚለውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሰማሁት።

«አይጧስ?» አልኳት።

«አይጧ ታትማለች።»

ትሪውን መታሁት። መታሁት ልበል ወይ ገፋሁት፣ ብርጭቆዎቹ ተገለበጡና ሻዩ በወረቀቷ ላይ ፈሰሰ። ዶክቶራ ከነሆዷ ብድግ ብላ ወረቀቱን፣ ልጅን ከእሳት እንደሚያወጡ፣ ከፍ አድርጋ አነሳችው። የአይጧን ወረቀት።

«ከአይጥ አነስን በይኛ!» አልኩ። «እናቴ ሁለት ልጅ ቀበረች። አይጥ ምን ቀበረች?»

አልተቆጣችኝም። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «ስሚ» አለች፣ «ዛሬ ለአንቺ አዝኜ ‹ይህቺ ትገድላለች› ብዬ ብጽፍና ስህተት ብሆን፣ ነገ ሌላ አገር አንዲት እርጉዝ ያንን አይታ ልጇን ታስወርዳለች። በኔ ቃል። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ከዚያ ጀምሮ ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፣ ለዚህ ቃሏ መልስ አላገኘሁም። እውነቷን ነው። ግን ያን ቀን ከዚያ ቀጥዬ ለጠየቅኋት እሷም መልስ የላትም።

«እሺ፣ አንቺ አትጻፊ። ለሚጽፉት ንገሪያቸው። እናቴ በሕይወት አለች፤ ደሟን ይውሰዱ። አብዱ አለ። መጥተው ይዩ።»

«መዲና… ማን ባቲ ድረስ ይሄዳል?»

ይኸውላችሁ። ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሕጉን አይደለም። ሕግ ነው፤ አባቴም እንዲያ ነበር የሚፈርደው። አባቴ ግን ምስክር ከወንዝ ማዶ አለ ሲባል፣ ምርኩዙን አንስቶ ወንዝ ይሻገር ነበር። ማን ይሻገራል ብሎ ነገር አይዘጋም ነበር።

የፈሰሰውን ሻይ ስጠርግ ኢማን በመስኮቷ መጣች። ተነጋገሩ፣ ትንሽ ተጨቃጨቁ። ከዚያ «ተማም» አሉ ሁለቱም፣ ተስማማን ማለታቸው ነው። ዶክቶራ ጻፈች። አይጧ፣ እዚያው፣ እርጥቡን ጨርቅ ይዤ ከጎኗ ቆሜ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ገባች።

ሰዓዳ እንዳለችው ሆነ። ባባ ሰማ። «ደሟ ላይ ምንድን ነው የተገኘው? ልጆቻችን ላይ ይጋባል?» አለ። አይጋባም፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ነው እንጂ በእጅ አይተላለፍም ብላ አስረዳችው። የገዛ ሐኪም ሚስቱን አላመናትም። «ኸላስ፣ ለመክተቡ እመልሳታለሁ፤ ሌላ ይስጡን» አለ። ስለ አንዲት አይጥ እግር ከኢማን ጋር ቀኑን ሙሉ የምትነታረክ ሴት፣ ስለ እኔ ሁለት ቃል አልተነታረከችም። በሩ ላይ ቆማ ቴምር በካርቶን ሰጠችኝ፣ ከላዩ የታላቅ ልጇን ጫማ፦ ቡናማ፣ ቆዳ፣ ማሰሪያው ዘለበት ያለው፣ አንድም ቦታ ያልተፋቀ። «ለአብዱ» አለች። «ሲያድግ ይሆነዋል።»

ፊቷ ላይ ልወረውረው እጄ ተነስቶ ነበር። ያዝኩት። ንዴት ለልጅ ጫማ አይሆንም።

መክተቡ ጥቂት ሳምንት አስቀምጦ፣ የመጨረሻ መውጫ ኹሩጅ ፓስፖርቴ ላይ አስመትቶ ወደ አገሬ መለሰኝ። ቤት ስደርስ አብዱ አላወቀኝም፤ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። እኔም ሰላም ከማለቴ በፊት «አስቀምጪውና አስነሺው» አልኩ። ተነሳ። ጉልበቱን አልነካም። በአምስት ዓመቱም አልነካም፣ በስምንቱም። ዛሬ ኳስ ሲጫወት ሰፈሩን ይረብሻል። ያን ቡናማ ጫማ አድርጎ፣ ጠብቦት፣ ያለ አንድ ቀዳዳ አወለቀው። የእኔ ማህፀን ወንድ አሳደገ ብዬ ጫማውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ኑርዬ ሲመጣ እንኳ ብዙ አልፈራሁም። ማንም ፍሪ አላለኝማ። አይታወቅም ነው የተባልኩት፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ሰው እየዋለ ሲያድር ይረሳዋል።

ጫማው ለኑርዬ ሲሆነው ከሳጥኑ አወጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ጋ ተበሳ። ባቲ ገበያ ዳር ለሚሰፋው ሽማግሌ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ ልጅ በጣቱ ነው እንዴ የሚሄደው? ተረከዙ አዲስ ነው እኮ።»

ገበያው መሃል ቁጭ አልኩ። አስተማሪው «ኑርዬ ሰነፍ ነው፣ ሰልፍ ላይ ይቀመጣል» ብሎ ልኮብኝ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ «ኑርዬ፣ መሬት ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። «ተነሳ» አልኩት። እጁን ቅልጥሙ ላይ አኖረ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ። እናቴ ጥግ ላይ ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እንግዲህ ደሴ ላይ የጮህኩት ይህን ሁሉ ነው።

ወጣቱ ሐኪም በሩን ዘጋና «ቁጭ ይበሉ እናቴ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። አልሳቀም። ሼኹ የት ጻፉት አላለኝም። በሽታውን የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፣ ዛሬውኑ እንጀምራለን አለ። ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ኑርዬ እግር ላይ ያለውን ጫማ አየና «አዎ» አለ። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ። ያቺ «አዎ» ግን ከእኔ ጋር ትቀበራለች።

ከዚያ የእናትዎን ደም፣ የእርስዎን፣ የአብዱንም እንወስዳለን አለኝ። ያቺ ፊደል እናቴና እኔ ላይ ከተገኘች፣ ደህናው አብዱ ላይ ከሌለች፣ ኑርዬ ላይ ካለች፣ ያ ምስክር ይሆናል። ጽፎ ያሳትመዋል።

«ሲታተም» አለ፣ «እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች እያነበቡ ለዓለም መዝገብ መስመር የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ…»

«አውቃቸዋለሁ» አልኩት። «ሻይ አፍልቼላቸዋለሁ።»

ባቲ እንደሆን ማንም አልሄደም። ባቲ ራሷ፣ ልጇን አዝላ፣ ሐረጎን ወጥታ ሄደች።

ሐኪሙን አንድ ነገር ለመንኩት፦ የወንድሞቼን ስም ጻፍልኝ። ስም አይጻፍም አለኝ፣ ደንቡ ነው፤ የእናት ወንድም አንድ፣ የእናት ወንድም ሁለት ነው የሚባሉት። እሺ አልኩት፤ ደንብ እንደማይሰበር የተማርኩት ድሮ ነው። ለዚህ ነው ከአራተኛ ክፍል በተረፈችኝ ፊደል ይህን የምጽፈው። እዚህ ደንብ የለም። ሰይድ መሐመድ። ይማም መሐመድ። ነበሩ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ያሳተመውን ዶክቶራ ታነበው ይሆናል። ጠረጴዛዋ ላይ፣ ሌላ ልጅ የምታፈላላትን ሻይ እየጠጣች፣ የኔን ኑርዬ በቢጫ ታሰምርበታለች። ከኢማን ጋር ትንሽ ትነታረካለች። ከዚያ «ተማም» ይላሉ፤ ከአይጧ ጎን አንዲት መስመር ትገባለች፣ በሰው ላይ ታይቷል የምትል። የምትመጣው እናት፣ የትም ትሁን የት፣ አይታወቅም አትባልም። ለእሷ ደስ ይለኛል፤ ወላሂ ይለኛል።

ግን ሁለቱ ይበቁ ነበር። ሦስተኛ ሳይጨመርባቸው፣ ሁለቱ ወንድሞቼ ይበቁ ነበር።